የ1923 ዓ.ም. የኒኬል ማቶና

በዱከም ከአያቶቻችሁ ሣጥን አሮጌ ሳንቲም እያወጣችሁ ዘመኑን ለምትጠይቁኝ ወዳጆቼ፦ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑበት በ1923 ዓ.ም. ስማቸውንና መልክአቸውን ይዘው ከወጡት ማቶናዎች መካከል፣ 1 እና 5 ማቶና ከመዳብ፣ 10፣ 25 እና 50 ማቶና ግን ከኒኬል የተቀረጹ በመሆናቸው ማግኔት ይስባቸዋል፤ በ1969 ዓ.ም. የተቀረጸው 50 ሳንቲም ግን፣ ኒኬሉ ከመዳብ ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ፣ አይሳብም።

ይልቁንም ሰብሳቢን የሚያስተው፣ ዓመቱ ሳይለወጥ በልዩ ልዩ ዘመን የታተመው የ1936ቱ ሳንቲም ነው፤ 25 ሳንቲሙ አስቀድሞ ክብ ነበረ፣ ኋላ ግን ዙሪያው ሞገድማ ሆነ። በምኒልክ ብር ላይ ደግሞ የአንበሳውን እግር ተመልከቱ፤ በ1889ኙ የተነሣው ግራው ሲሆን፣ በ1892ቱ ቀኙ ነው።

ደግሞም፣ እባካችሁ፣ በሎሚና በአመድ አትፈትጓቸው፤ ያበራችሁት መስሏችሁ ዋጋውን ታጠፋላችሁ።