የደም ብዛትና የልብ ሕመም በየአህጉሩ

«ደም ብዛት» የሚለው ስም ሕመሙን በትክክል አይገልጸውም። ስሙን የሰማ ሰው ደሙ ከልክ በላይ የበዛ መስሎት ዋግምት ይቀንስልኛል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገሩ ግን የደሙ መጠን ሳይሆን ደሙ በሥሮች ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ነው። ግፊቱ በተደጋጋሚ ሲለካ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕመም ነው ይባላል።

ደምን ወደ መላ ሰውነት የሚገፋው ታችኛው የግራ የልብ ክፍል ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ግፊት ሲበረታበት፥ ዘወትር ሸክም እንደሚሸከም ሰው ጡንቻ፥ ግድግዳው እየወፈረ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ውፍረቱ ለልብ ብርታት አይሆነውም፤ ይደርቅና ደም ለመቀበል በሚገባ መላላት ያቅተዋል። ከዚህም የተነሣ ደሙ ወደ ኋላ፥ ወደ ሳንባ ይጠራቀማል፤ በሽተኛውም ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። ውሎ ሲያድር ግድግዳው ይደክማል፥ ይሰፋል፤ እግርም ያብጣል። ይህ ሁሉ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ያለ አንዳች ሥቃይ ያልፋል፤ ችግሩም ይኸው ነው።

ቀደም ባለው ጊዜ ይህ የባለጸጎች አገር ሕመም ይመስል ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ከ1990 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፥ ከ30 እስከ 79 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች መካከል የደም ግፊት ያለባቸው ቍጥር እጥፍ ሆኖ ወደ 1.3 ቢሊዮን ገደማ ደርሷል። አብዛኞቹም ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። እንደ ካናዳና ደቡብ ኮሪያ ያሉት አገሮች በመለካትና በመድኃኒት ግፊቱን በመቈጣጠር ቀድመዋል።

በአፍሪካ ያለውን ሁኔታ በጉልህ የሚያሳየው በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ9 አገሮች፥ በ12 ሆስፒታሎች፥ በልብ ድካም የተኙ 1,006 በሽተኞች ተመርምረው ነበር። ከመቶው 45ቱን ያደከማቸው የደም ግፊት ሲሆን፥ የልብ ደም ሥር መጥበብ ያመጣው ግን ከመቶ 8 እንኳ አልሞላም። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ ሁለተኛው ምክንያት ዋነኛ ነው፤ በሽተኞቹም አብዛኛውን ጊዜ ከ70 ዓመት በላይ ናቸው። የአፍሪካዎቹ አማካይ ዕድሜ 52 ነበር። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ልጆቹን ገና አስተምሮ አልጨረሰም። በ6 ወር ውስጥም ከመቶው 18 ያህሉ ሞተዋል።

ታዲያ ግፊት ከዕድሜ ጋር መጨመሩ የተፈጥሮ ግዴታ ነውን? በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣውና በ32 አገሮች፥ በ52 ሥፍራዎች የተደረገው የጨው ጥናት አይደለም ይላል። ጨው ከናካቴው የማይቀምሱት ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የሚኖሩት የብራዚል ያኖማሚዎች፥ ቢያረጁም ግፊታቸው አይጨምርም። እርግጥ እነርሱ ቀጫጮች ናቸው፤ የአልኮል መጠጥም አይጠጡም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ምክንያቱን ሁሉ ለጨው መስጠት ችኰላ ይመስለናል።

አሞሌ ገንዘብ ሆኖ ባገለገለበት በአገራችን ጨው ዛሬ በበርበሬውም በሽሮውም ሳይቈጠር ይገባል። በ2015 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት የአንድ ሰው የቀን ድርሻ 8 ግራም ያህል ሆኖ ተገኝቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው ግን ከ5 ግራም በታች ነው። ከመቶ ሰው 16 ያህሉ የደም ግፊት እንዳለባቸው ሲታወቅ፥ ከእነዚህ ውስጥ መድኃኒት የሚወስዱት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ከጀመሩትም መካከል «አሁን ተሽሎኛል» ብለው የሚተዉ አሉ። ተሻለኝ ማለታቸው ሐሰት አይደለም፤ ቀድሞም ቢሆን የሚሰማቸው ሕመም አልነበረም።