ያለ ቃጠሎ ውሃ የሚቋጥር ቆዳ

ሰባ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ሌሊቱን ሲያኩ ካደሩ፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳርም ሆነ አምባሰል ላይ የቤተሰቡ የመጀመሪያ ግምት እከክ ነው። ግምቱ ሞኝነት አይደለም፤ እከክ የተለመደ በሽታ ነው። ግን አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው አለ? እከክ አብረው በሚተኙ ሰዎች መካከል ይዛመታል። የሚያኩት አያት ብቻ ከሆኑ፣ ማሳከኩም ለሳምንታት ወይም ለወራት ከዘለቀ፣ ቡለስ ፔምፊጎይድ የተባለውን ቆዳ ውሃ የሚያስቋጥር በሽታ መጠርጠር ነው። ውሃ የቋጠረው እብጠት ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል እሱን መጠበቅ አያስፈልግም።

በሽታው ተላላፊ አይደለም። የሰውነት መከላከያ የላይኛውን የቆዳ ሽፋን ከሥሩ ካለው ጋር አያይዘው የሚያቆሙትን ፕሮቲኖች እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃል። ማያያዣው ሲላላ በመካከሉ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ስትሮክ፣ ፓርኪንሰን ወይም የመርሳት በሽታ ባለባቸው አዛውንት ላይ ይበዛል። እንደ ቪልዳግሊፕቲን ያሉ የስኳር መድኃኒቶችም ሊቀሰቅሱት ስለሚችሉ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዞ መሄድ ይጠቅማል።

«አልማዝ ባለጭራ ነው» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት ተሰልፎ ይወጣል፤ ያቃጥላል፣ ያማል። ፔምፊጎይድ በሁለቱም ጎን ሆድ፣ ጭንና ክንድ ላይ ይወጣል፤ ዋናው ስሞታም ማሳከክ ነው።

ከባዱ ፔምፊገስ ከተባለው ሌላ ውሃ የሚያስቋጥር በሽታ መለየቱ ነው። ዋልተር ሌቨር የተባለ ሐኪም በ1953 እ.ኤ.አ. እስኪለያቸው ድረስ ሁለቱ እንደ አንድ ይቆጠሩ ነበር። ፔምፊገስ ከቆዳው ላይኛ ሽፋን ውስጥ ስለሚሰነጠቅ እብጠቱ ልፍስፍስ ነው፣ ቶሎ ይፈነዳል፤ አፍ ውስጥ ቀድሞ ሊያቆስል ይችላል። ሐኪሙ ከቁስሉ አጠገብ ያለውን ቆዳ በአውራ ጣቱ ገፋ ሲያደርገው ይላጣል። የፔምፊጎይድ እብጠት ውጥር ነው፤ ቆዳውም እንደዚያ አይላጥም። ከፈነዳው ሥር ተፍቆ፣ ለወባ ምርመራ በሚያገለግለው በጊምሳ ቀለም የተነከረ ስላይድም ፍንጭ ይሰጣል፦ እርስ በርስ የተላቀቁ ክብ ሕዋሳት ከታዩ ጥርጣሬው ወደ ፔምፊገስ ያደላል።

ማረጋገጫው ግን ከሁለት ቦታ የሚወሰድ ናሙና ነው። አንደኛው ከአዲስ እብጠት ጠርዝ ተቆርጦ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ከእብጠቱ አጠገብ ካለው፣ ገና ውሃ ካልቋጠረ ቆዳ ይወሰዳል፤ እሱ ፎርማሊን ከነካው ተበላሸ ማለት ነው። ለዚሁ በተዘጋጀ ፈሳሽ፣ ካልተገኘም በቶሎ ለማድረስ በኖርማል ሳላይን መላክ አለበት። በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሲታይ የሰውነት መከላከያው የሠራቸው ፀረ እንግዳ አካላት በሁለቱ የቆዳ ሽፋኖች መጋጠሚያ ላይ እንደ ቀጭን መስመር ያበራሉ። እኔ ከማይክሮስኮፑ እጥረት ይልቅ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ናሙና በስህተት ፎርማሊን ያለበት ብልቃጥ ውስጥ መግባቱ ነው።

ለሕክምና፣ ለአርዲቦ ሰው በሐይቅ ከተማና በደሴ መካከል ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተጀምሮ ዛሬ በቆዳ ሕክምናው የሚታወቅ ነው። ለሕክምናው የሚሰጠው የፕሬድኒሶሎን ክኒን ከመጀመሩ በፊት የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳርና የአንጀት ትል ምርመራ ሊዘለል አይገባም። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የፈረንሳይ ጥናት፣ በሽታው በተስፋፋባቸው ሰዎች ላይ ክሎቤታሶል ክሬም መላ ሰውነት መቀባት ከክኒኑ የበለጠ ሕይወት እንደሚያተርፍ አሳይቷል። ችግሩ መጠኑ ነው፤ በቀን 40 ግራም ይቀባል፣ ይህም በሠላሳ ግራም ቲዩብ ቢሰላ በየቀኑ ከአንድ ቲዩብ በላይ ነው።