ባለ አንድ አተም ካታሊስት

ባለ አንድ አተም ካታሊስት የሜታል አተሞቹ እርስ በርስ ሳይነካኩ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው በሌላ ቁስ ገጽ ላይ ተተክለው የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥኑበት ቁስ ነው። ስያሜው የተለመደው በ2011 ቻይናዊው ኬሚስት ዣንግ ታኦና ባልደረቦቻቸው በብረት ኦክሳይድ ላይ የተበተኑ ነጠላ የፕላቲነም አተሞች ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለውጡ ካሳዩ ወዲህ ነው። ሐሳቡ ብዙም ሳይቆይ ሃይድሮጅንን ከውሃ ወደ ማውጣት ተሻገረ።

ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት ሃይድሮጅን በአብዛኛው የሚመረተው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ሲሆን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም አብሮ ይወጣል። ኤሌክትሪኩ ከንጹሕ ምንጭ ከመጣ፣ ውሃን በኤሌክትሪክ መሰንጠቅ ከዚህ ብክለት ያድናል። በስሌት 1.23 ቮልት ይበቃል፤ በተግባር ግን ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ትርፉን የሚቀንሰው ካታሊስቱ ነው። ሃይድሮጅን በሚወጣበት ኤሌክትሮድ፣ በካቶዱ፣ ላይ የሃይድሮጅን አየኖች ኤሌክትሮን ተቀብለው ገጹ ላይ ያርፋሉ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ፣ ጋዝ ሆነውም ይሄዳሉ። ገጹ አጥብቆ ከያዛቸው አይለቃቸውም፤ ካላላም አያርፉም። ፕላቲነም መካከሉን ይዟል፤ ነገር ግን ብርቅና ውድ ነው።

ብክነቱም ቀላል አይደለም። 5 ናኖሜትር ስፋት ባላት የፕላቲነም ቅንጣት ውስጥ አብዛኞቹ አተሞች ከውስጥ ተቀብረው ያለ ሥራ ይቀራሉ። አተሞቹ ተነጣጥለው ሲተከሉ ሁሉም ለሥራ ይጋለጣሉ። ከቁጠባው የሚበልጠው ግን የጠባይ ለውጡ ነው። ኮባልት፣ ኒኬል ወይም ብረት በካርቦን ውስጥ ከናይትሮጅን አተሞች ጋር ሲተሳሰር የኤሌክትሮኖቹ አደላደል ይለወጣል፤ ሃይድሮጅንን የሚይዝበት ጥብቀትም አብሮ ይለወጣል። ርካሹ ሜታል ወደ ፕላቲነም ሥራ የሚጠጋው በጎረቤቶቹ ምክንያት ነው፤ የዘርፉም ዋና ግኝት ይኸው ነው።

አስቸጋሪው ነገር አተሞቹን ለየብቻ ማቆየት ነው፤ ሙቀት ሲያገኙ ተንቀሳቅሰው መሰባሰብ ይወዳሉ። በ2015 በአሜሪካ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኦክስጅን የተያያዘበትን ስስ የካርቦን ንጣፍ፣ ግራፊን ኦክሳይድን፣ ከጥቂት የኮባልት ጨው ጋር ቀላቅለው በአሞኒያ ጋዝ ውስጥ አጋሉት። አሞኒያው የሰጠው ናይትሮጅን በግራፊኑ ውስጥ ገብቶ ኮባልቱን ቆልፎ ያዘው። እንዲህ ያለው ናሙና በኃይለኛ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ በደብዛዛው ካርቦን ላይ ደማቅ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ አንድ አተም ነው። ማይክሮስኮፑ የሚያየው ግን የናሙናውን ጠባብ ጥግ ብቻ ስለሆነ፣ በሌላው ክፍል አተሞቹ አለመሰባሰባቸው በኤክስሬይ ይጣራል።

ከኤሌክትሪኩ ሌላ፣ ውሃን በብርሃን የመሰንጠቂያው መንገድ መነሻው የጃፓኖቹ የፉጂሺማና የሆንዳ የ1972 ሥራ ነው፤ ብርሃን ያረፈበት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ውሃን ሲሰነጥቅ አሳይተዋል። ብርሃን ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ያስነሳል፤ አብዛኞቹ ግን ሥራ ሳይሠሩ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ገጹ ላይ ያለው የሜታል አተም ኤሌክትሮኑን ይዞ ያስቀረዋል። በ2019 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ለዚህ መዳብን መረጡ። መዳብ የተተከለበት የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት ብርሃን ሲያገኝ መዳቡ ኤሌክትሮን ይቀበልና ቀለሙ ይጠቁራል፤ ኦክስጅን ሲገባበት ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ሃይድሮጅን በማውጣትም ፕላቲነም ከተጨመረበት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ጋር ተቀራራቢ ሆነ። ይሁንና እንዲህ ያሉ ሙከራዎች ብዙ ጊዜ ሜታኖል የተቀላቀለበት ውሃ ይጠቀማሉ፤ ስለዚህ ውጤታቸው ንጹሕ ውሃን እንደ መሰንጠቅ ሊቆጠር አይገባም።

ሌሎች ችግሮችም አሉ። የሜታሉ መጠን ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላው ክብደት ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ በአሲድ ውስጥም አተሞቹ ቀስ በቀስ ሊሟሙ ይችላሉ። ከባዱ ግን ኦክስጅን በሚወጣበት ኤሌክትሮድ፣ በአኖዱ፣ በኩል ያለው ነው። እዚያ አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ለማውጣት 4 ኤሌክትሮኖች መነሳት አለባቸው፤ ለሃይድሮጅን ግን 2 ይበቃሉ። በአሲዳማ መሣሪያዎች ውስጥ ይህን ሥራ የሚችለው በዋናነት ኢሪዲየም ነው፤ እሱ ደግሞ ከፕላቲነምም የባሰ ብርቅ ነው።