አንድ ወንዝ፣ ብዙ ጥያቄ

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 75 ዓመት ሞላው። በ1950 በ33 ተማሪዎች የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ዛሬ የአገሪቱ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዓሉ ምርምራችን የት እንደ ደረሰ ለመጠየቅ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ምርምር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ነው። ብራና የሚያገላብጠው፣ ማሳ ዳር ተቀምጦ ገበሬ የሚያነጋግረው፣ የድንጋይ ስንጥቅ የሚለካውም ተመራማሪ መሆኑ ትዝ አይለንም። ይህን ስፋት ለማሳየት የዲፓርትመንት ስም መደርደር አልፈለግሁም። የምኖረው አቃቂ ነውና ወንዙን ተከትዬ ልሂድ።

አቃቂ ስንል ወንዞቹ ሁለት ናቸው። ትንሹ አቃቂ በከተማዋ ምዕራብ፣ ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ ወርደው አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባሉ። የአባ ሳሙኤል ግድብ የአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በ2016 ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተደርጓል። በዚህ አጭር መንገድ ላይ ስንት ዓይነት ምሁር ጎንበስ ብሎ እንዳለፈ ቆጥሬ መጨረስ አልችልም።

ከሥር እንጀምር። የአቃቂ ጉድጓዶች ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ከሚሰጡት ዋና ዋና ምንጮች መካከል ናቸው። የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ጥያቄው «ይህ ውሃ የት ዘነበ? መቼ?» የሚል ነው። መልሱን የሚፈልገው በራሱ በውሃው ውስጥ ካሉት የሃይድሮጂንና የኦክስጅን አይሶቶፖች ነው። ውሃው በተሰነጣጠቀው ባዛልት ውስጥ አልፎ ከሰሜን፣ ከእንጦጦ በኩል፣ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ስለዚህ ላይ ከተማው የደፋው ነገር ውሎ አድሮ ታች ያለውን ጉድጓድ ይመለከተዋል።

በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ፎቅ ላይ ለሚኖረው ለአዲስ አበባ ሰው ከሥር የሚጀምር ሌላ የምርምር ዘርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናትን፣ አስታውሶታል። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ፒየር ጉዋን በ1979 ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ከመሣሪያ ልኬት ባሻገር ከዜና መዋዕልና ከተጓዦች ማስታወሻ የተለቀመ ነው። የጥንቱ ጸሐፊ «ምድር ተናወጠች» ብሎ የመዘገበው ቃል ለፊዚክስ ሰው መረጃ ሆነለት።

አሁን ወደ ጎመኑ። ማለዳ ወደ ወንዙ ዳር የወረደ ሰው መደብ በመደብ የተዘራውን ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ያያል። ውሃው በቦይ ይገባል፤ የተለቀመው አትክልት በእቅፍ በእቅፍ ይታሰርና ገና ጤዛው ሳይደርቅ ወደ ገበያ ይጫናል። ኬሚስቱ ከዚህ እቅፍ ጥቂት ቅጠል ይወስዳል። ያጥበዋል፤ ያደርቀዋል፤ ይፈጨዋል፤ በናይትሪክ አሲድ ያሟሟዋል። ከዚያ መሣሪያው እያንዳንዱ ብረት የሚውጠውን ብርሃን ለክቶ ስንት ክሮሚየም፣ ስንት ካድሚየም፣ ስንት እርሳስ እንዳለ ይናገራል። ክሮሚየሙ ከቆዳ ፋብሪካ ይመጣል፤ ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነውና። ፍሥሐ ኢታና በ2002 በአዲስ አበባ ስለሚበቅል ቅጠላ ቅጠል ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ ደጋግሞ ይጠቀሳል። ሰላጣና ቆስጣ ከጥቅል ጎመን የበለጠ ብረት ወደ ቅጠላቸው ይስባሉ።

የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያው ያንኑ ቅጠል አንሥቶ የሚፈልገው ሌላ ነው፦ በጥሬው ከሚበላ ሰላጣ ጋር ሆድ የሚገባውን የወስፋት እንቁላል። የምጣኔ ሀብት ሰው ዋጋውን ይጠይቃል። የሶሲዮሎጂ ሰው ደግሞ «መሬቱ የማን ነው? አትክልተኛው ከዚህ ቢነሣ ምን ይበላል?» ይላል። ጠቡ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን መስኖው ይታገድ ይላል፤ ሌላው ወንዙ ይጽዳ ይላል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። አትክልተኛው ውሃውን አልበከለም፤ የተበከለ ውሃ ደረሰው እንጂ። ከ2019 ጀምሮ የወንዝ ዳርቻ ልማት ሲካሄድ ቆይቷል፤ ዳርቻው ማማሩ መልካም ነው። ሰላጣው የሚመሰክረው ግን ስለ ውሃው ነው።

ወንዝና ምርምር ሲነሣ ከሳይንቲስቱ ከአክሊሉ ለማ በላይ የማደንቀው ሰው የለም። በ1964 አድዋ ውስጥ የቢልሃርዚያን ጥገኛ ተውሳክ ስለሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተዋል። እንዶድን እናቶቻችን ሁሉ ያውቁታል። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ በውሃ ሲመታ አረፋ ይደፍቃል፣ ጋቢና ነጠላ ያነጣል። ዶክተር አክሊሉ ያንን አረፋ ወደ ቤተ ሙከራ ወሰዱት፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው እንዶዱ መሆኑን አረጋገጡ። ድሃ ገበሬ በጓሮው አብቅሎ በሽታ የሚከላከልበት መድኃኒት ተገኘ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው አሁንም ያንገበግበኛል። ዓለም አቀፍ ተቋማት ግኝቱን ለረጅም ዓመታት በጥርጣሬ ያዙት፤ አፍሪካ ውስጥ የተሠራው ሙከራ አልበቃ ብሎ በውድ ቤተ ሙከራ እንደገና እንዲፈተሽ ተጠየቀ። አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት በ1989፣ ግኝቱ ሩብ ምዕት ዓመት ካስቆጠረ በኋላ ነው። ጥቂት ቆይቶም በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዶድ የውሃ ቱቦ የሚደፍኑትን የዜብራ ዛጎሎች እንደሚገድል ታይቶ ፓተንት ወጣበት። የአድዋ እናቶች ዕውቀት የባሕር ማዶ ንብረት ሆነ። ዶክተር አክሊሉ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከእሳቸው የምንማረው ትልቁ ነገር ግን ጥያቄውን ከልብስ አጣቢ ሴቶች መውሰዳቸው ነው።

በሰብዓዊ ጥናት በኩልም ሥራው ሰፊ ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1963 ተመሠረተ፤ የታደሰ ታምራት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ በ1972 ታተመ። ከ1973 ጀምሮ በየገዳሙ ያለ ብራና በማይክሮፊልም ተነሣ፤ ጌታቸው ኃይሌ በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው እነዚያን መጻሕፍት አንድ በአንድ መዘገቡ። የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ የተባለውን የፍልስፍና መጽሐፍ የጻፈው ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ ጣልያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር ከመቶ ዓመት በኋላም አልበረደም። ፋብሪካ ያሳደጋት አቃቂስ? ማሽን ላይ ያረጁት ሠራተኞች ትዝታ እየሞተ ነውና የታሪክ ተማሪዎች ቴፕ ይዘው ይምጡ እላለሁ።

የቀረውን ሁሉ አዋሽ ይወስደዋል። የአቃቂ ውሃ የሚቀላቀለው ይህ ወንዝ ከምንጩ ብዙም ሳይርቅ በመልካ ቁንጡሬ ያልፋል። ቦታውን በ1963 ያገኘው የሆላንዱ የውሃ ባለሙያ ጌሪት ዴከር ነበር፤ ውሃ ሊያጠና ወጥቶ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ አገኘ። በ2024 መልካ ቁንጡሬ በዩኔስኮ ተመዘገበች። አዋሽ አፋር ሲደርስ ደግሞ በ1974 ሉሲ የተገኘችበት ሐዳር ይገኛል፤ ዘረሰናይ ዓለምሰገድም ሰላም የተባለችውን የሕፃን ቅሪተ አካል በ2000 ያገኙት እዚያው አፋር፣ በዲኪካ ነው። ከወንዙ ወጣ ብንልም ምርምሩ አያልቅም፦ ዕፅዋቱን በስምንት ቅጽ የመዘገበው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ከ1980 እስከ 2009 ድረስ ፈጅቷል። ገቢሳ እጄታ አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 የዓለም ምግብ ሽልማትን አግኝተዋል።

ዘርፉ ብዙ ነው፤ ብዛቱ ግን በራሱ አይበቃም። አንዲት የሰላጣ ቅጠል ኬሚስቱ፣ የጤና ባለሙያው፣ የምጣኔ ሀብቱና የሶሲዮሎጂው ሰው እየተፈራረቁ አጥንተዋታል። የእያንዳንዳቸው ጥናት በእንግሊዝኛ ተጽፎ በየመደርደሪያው ለብቻው ተቀምጧል። ቅጠሏን ያበቀለው አትክልተኛ ግን ከአራቱም አንዱን አልሰማም።

ስለዚህ አቃቂ ለምትመጡ ተማሪዎችና መምህራን አንድ ልመና አለኝ። መመረቂያ ጽሑፋችሁን ስትጨርሱ ውጤቱን በሁለት ገጽ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፋችሁ፣ ናሙና ለወሰዳችሁበት አትክልተኛና ለወረዳው አድርሱ። ቅጠሉን ከዚህ ወስዳችኋልና መልሱንም እዚሁ አምጡልን።