ከ4 ለ 0 በኋላ



የዲፓርትመንታችን ቡድን 6 ለ 1 ከተሸነፈ ወዲህ ልምምድ ላይ የሚገኘው ተጫዋች ግማሽ ሆኗል። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ወሬው ሁሉ «ጥፋቱ የማን ነው» ሆኗል። ገና ሁለት ጨዋታ እያለን «ከውድድሩ እንውጣ» የሚሉም አሉ። ከመወሰናችን በፊት በ2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ላይ የደረሰውን ብናስታውስ ይጠቅመናል። እኛ ያኔ ልጆች ነበርን፤ የአብነት ሰፈር ትልልቆች ግን ዛሬም ያወሩታል።

ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችበት ጊዜ ነው። ጥር 13 የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር ተጫወትን። በረኛው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ሳላዲን ሰኢድም ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ቢሆንም አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ተለያየን። ጥር 17 ግን ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የቡርኪና በረኛ በሁለተኛው አጋማሽ በቀይ ሲወጣ ውጤቱ ገና 1 ለ 0 ነበር። ሦስቱ ጎሎች የገቡብን ተጋጣሚያችን በ10 ሰው ከቀረ በኋላ ነው!

ይህ እንዴት ይሆናል? ባላጋራ ሲጎድል ሁሉም ጎል ማግባት ያምረዋል። ተከላካዩ ወደ ፊት ይወጣል፣ አማካዩ አይመለስም፣ ከኋላ ሰፊ ሜዳ ይቀራል። ለፈጣን አጥቂ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። ሁለተኛው ጎል ሲገባ ደግሞ መናበቡ ይጠፋል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሊክስ ይሮጣል። ስለዚህ ትልቅ የጎል ልዩነት የአቅም ልዩነትን በትክክል አይለካም። እኛ ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የተሰበረ ብረት ሲሰጠን የምንፈልገው ስንጥቁ የት እንደጀመረ ነው፤ የቀረው በሰከንድ ያልቃል። የኛም 6 ለ 1 እስከ ዕረፍት 1 ለ 1 ነበር እኮ።

ማስረጃው ጥር 21 መጣ። ያው የተደቆሰ ቡድን ናይጄሪያን እስከ 80ኛው ደቂቃ ያለ ጎል ያዘ። በመጨረሻ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 0 ተሸነፈ። ናይጄሪያ በኋላ ዋንጫውን ወሰደች፤ በፍጻሜው ያሸነፈችውም ያችኑ ቡርኪና ፋሶን ነው።

አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው በቦታቸው ቀጠሉ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ሰኔ 9፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ደቡብ አፍሪካ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ መጣች። መጀመሪያ ያገባው በርናርድ ፓርከር ነበር። ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገ፤ ከዚያ ያው ፓርከር በራሱ መረብ ላይ አስቆጠረልን። እሱም ጎል ነው! 2 ለ 1።

ደስታው ሳያልቅ ሌላ ዱላ መጣ፤ በኔ ግምት ከ4 ለ 0ም ይብሳል። ቦትስዋናን በሜዳዋ ባሸነፍንበት ጨዋታ ሁለት ቢጫ የነበረበት ምንያህል ተሾመ በመሰለፉ ፊፋ ሦስት ነጥብ ቀነሰብን። ተጫዋቾቹ በላባቸው ያመጡት ነጥብ ቢሮ ውስጥ ባልተመዘገበ ካርድ ሄደ። እንደዚያም ሆኖ ጳጉሜን 2 መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 አሸንፈው ለመጨረሻው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ደረሱ። እዚያ ናይጄሪያ አስቀረችን፤ ብራዚል አልሄድንም።

መድረሳ የተማርነውም ትዝ ይለኛል። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ግመል አል-ዐድባእን የሚቀድም አልነበረም፤ አንድ የገጠር ሰው በወጣት ግመል መጥቶ ቀደማት። ሶሓቦቹ በጣም ከበዳቸው። እሳቸው ግን በዱንያ ከፍ ያለ ነገር ዝቅ ማለቱ እንደማይቀር ነገሯቸው። ቀዳሚው ሰውዬ አልተወቀሰም፤ ግመሏም አልተወቀሰችም።

ለኛ ቡድን የምለው ይህን ነው፦ አምበሉ በረኛውን ግሩፕ ላይ ሳይሆን ለብቻው ያናግረው። ቪዲዮውን ከዕረፍት በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ 10 ደቂቃዎች ብቻ እንየው፤ ስድስቱንም ጎል ደጋግሞ ማየት ራስን መቅጣት ነው። የመጀመሪያው ልምምድ አጭር ይሁን፤ ግማሽ ሜዳ ላይ አምስት ለአምስት ይበቃል።

ማክሰኞ ከዐስር ሰላት በኋላ እንገናኝ ኢንሻአላህ። በረኛችን ጓንቱን ጥሎ ሄዶ ነበር፤ እኔ ጋ ነው፣ ይዤለት እመጣለሁ።