ፋይሉ ብቻውን ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄድ

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች የሚበዛው አንድ ነው፦ «ስክሪን ላይ ያ ሁሉ ያማረ ሥራ ታትሞ ሲመጣ ለምን ጠቆረ?» መልሱ ረዘም ስለሚል ለእያንዳንዱ ሰው ከምጽፍ እዚህ ላስቀምጠው።

ከአራዳ ልነሳ። ራስ ተፈሪ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን በ1914 ዓ.ም. ካቋቋሙ ወዲህ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባለው ሰፈር የቀለምና የወረቀት ሥራ ጠፍቶ አያውቅም። በትልልቆቹ ማተሚያ ቤቶች ዙሪያ ደግሞ ግራፊክስ ሠሪው፣ ጠራዡ፣ ማኅተም ቀራጩ በጠባብ ጠባብ ሱቅ ይሠራ ነበር። ደንበኛ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ ወንበር ስቦ ከዲዛይነሩ አጠገብ ይቀመጣል። «ይሄ ቀይ በዛ፣ ቀንስልኝ፤ የአባቴ ስም በንጉሡ ‹ሠ› ነው፤ ፎቶውን ትንሽ ከፍ አድርገው።» ግማሹ ስሕተት እዚያው፣ ፊት ለፊት፣ በቃል ይታረም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ከዶሮ ማነቂያ ጀምሮ ብዙው ነባር ፒያሳ ፈረሰ። የማውቃቸው የግራፊክስ ሱቆችም አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ተበታተኑ። አሁን ፋይሉ የሚሄደው በቴሌግራም ነው፤ ላኪው አንድ ጫፍ፣ ማተሚያ ማሽኑ ሌላ ጫፍ። አጠገቡ ተቀምጦ የሚናገርለት ሰው ስለሌለ፣ ያኔ በቃል ይባል የነበረው ነገር በሙሉ ዛሬ ፋይሉ ውስጥ መግባት አለበት። የዛሬው ጽሑፌ ጉዳይ ይህ ነው።

በቀለም ልጀምር። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው፦ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ። ይህ አርጂቢ የሚባለው ነው። ኦፍሴት ማሽን ግን ወረቀት ላይ አራት ቀለም ያሳርፋል፦ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር፤ ሲኤምዋይኬ። ብርሃን የሚፈጥረውን ሁሉ የማተሚያ ቀለም መፍጠር አይችልም። ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴና ደማቅ ሰማያዊ ወረቀት ላይ የግድ ይቀዘቅዛሉ። ባንዲራ ያለበት ፖስተር የሚያሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያዝኑት እዚህ ላይ ነው፤ ከስክሪኑ ያገኙትን በጣም ደማቅ አረንጓዴ ይመርጡና ማሽኑ የማያውቀው ቀለም ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ ክፈቱት። የሚጠፋው ድምቀት ዓይናችሁ እያየ ይጥፋ፣ ምርጫውም የእናንተ ይሁን።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፤ የሰው ፊት። የሕትመት ሥዕል በጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። ወረቀት ቀለሙን ሲመጥጠው እያንዳንዱ ነጥብ በትንሹ ይሰፋል፤ መስፋቱ ጎልቶ የሚታየውም ንጣቱ ወይም ጥቁረቱ ላይ ሳይሆን መካከለኛው ጥላ ላይ ነው። የእኛ ሰው የፊት ቀለም ደግሞ በአብዛኛው የሚያርፈው እዚያው መካከል ላይ ነው። ስክሪን ላይ ጠይም የነበረች ሙሽራ 80 ግራም ወረቀት ላይ የምትጠቁረው፣ በሕይወት ታሪክ መጽሔት ላይ የአባት ዓይን ከፊታቸው ጋር ተቀላቅሎ የሚጠፋው ለዚህ ነው። አርት ፔፐር የተቀባ ወረቀት ስለሆነ ቀለሙን ያን ያህል አይመጥም፤ ችግሩ እዚያ ይቀንሳል።

መፍትሔው «ፎቶውን አብራው» አይደለም። መላውን ፎቶ ስታበሩ ነጠላው ይቃጠላል፤ የሸማው እጥፋት ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይሆናል፣ ጥለቱ ብቻውን አየር ላይ ይቀራል። ከርቭ የሚባለውን መሣሪያ ክፈቱና መካከሉን ብቻ ከፍ አድርጉት፤ ሁለቱን ጫፎች አትንኩ። ከዚያ ነጠላው ላይ እያመለከታችሁ ቁጥሩን አንብቡ፤ እጥፋቱ ውስጥ ቢያንስ ከ3 እስከ 5 በመቶ ቀለም ይኑር። ፊቱ ላይ ደግሞ የጥቁሩን ቀለም መጠን ተመልከቱ፤ ቆዳን አመድ የሚያስመስለው የበዛ ጥቁር ነው። የሰውን መልክ አክብሮ ማተም የዚህ ሙያ ዋና ኃላፊነት ይመስለኛል። ሠርግም ሆነ ኀዘን፣ ቤተሰብ ለዓመታት የሚያስቀምጠው ያንን ወረቀት ነው።

ወደ ጽሑፉ። ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ ይሁን፦ ጥቁር 100፣ የቀሩት ሦስቱ 0። በአርጂቢ የተሠራ ጥቁር በፎቶሾፕ መደበኛ ቅንብር ሲቀየር ሲያን 75፣ ማጀንታ 68፣ ቢጫ 67፣ ጥቁር 90 ይሆናል፤ ድምሩ 300 በመቶ ነው። አንድ ፊደል ለመጻፍ አራት ፕሌት፣ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ማተሚያ ሰሌዳ፣ ተሰለፈ ማለት ነው። ከአራቱ አንዱ በሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ቢንሸራተት የፊደሉ ጠርዝ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ያወጣል። ግዕዝ ፊደል ደግሞ ይህን አይችልም። የካዕብና የሣልስ ምልክቶቻችን ቀጫጭን ናቸው፤ የ‹ቤ› ቀለበት በቀለም ሲሞላ ‹ቢ› ይመስላል። በተለይ በጥቁር ወይም በቡና ዓይነት መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ ስታስቀምጡ ፊደሉን ደፈር ያለ ምረጡ፣ መጠኑንም አታሳንሱ።

ጽሑፍ በጥቁር ብቻ ሲሆን ሌላም ጥቅም አለው። የፊደል ስሕተት ዘግይቶ ቢገኝ የሚለወጠው አንድ ፕሌት ብቻ ነው። አንድን ፖስተር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ የምታሳትሙ መሥሪያ ቤቶችም ፎቶው ያለባቸውን ሦስቱን ፕሌቶች እንዳሉ ይዛችሁ ጥቁሩን ብቻ በየቋንቋው ማስወጣት ትችላላችሁ። ይህ ግን ፎቶው ውስጥ ያለው ጥቁር በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ሲሆንና ጽሑፉ አንድም ቦታ ባለቀለም ሳይሆን ሲቀር ነው።

የአማርኛ ፎንት ጣጣ የራሱ ታሪክ አለው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሶፍትዌሮች የላቲን ፊደላትን ቦታ ተውሰው ነበር የሚሠሩት፤ 256 ቦታ ለፊደላችን ስለማይበቃም ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ያከፋፍሉት ነበር። በዚያ ዘመን መንገድ የተጻፈ ጽሑፍ ዛሬም በየቢሮው አለ። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት አማርኛው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል፤ አንዳንዴ ደግሞ ገሚሱ ቃል ደኅና ሆኖ ገሚሱ ብቻ ስለሚበላሽ ሳይታይ ያልፋል። ስለዚህ ፒዲኤፍ ስታወጡ ፎንቱ ውስጡ መካተቱን አረጋግጡ። የኮሬል ወይም የኢላስትሬተር ፋይል ከሆነ የምትልኩት፣ ጽሑፉን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ወደ ቅርጽ፣ ለውጡ፤ የሚታረመውን ቅጂ ግን ለራሳችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ከርቭ የሆነ ጽሑፍ ተመልሶ አይጻፍም። በአዲስ ኮሬል የተሠራ ፋይል በአሮጌው አይከፈትም፤ ማተሚያ ቤቱ የትኛውን እንደሚጠቀም ቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለ ቴሌግራም አንድ ነገር። ምስልን እንደ ፎቶ ስትልኩ መተግበሪያው ያጨምቀዋል፤ በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። ለጥሩ ሕትመት በኢንች 300 ፒክስል ስለሚያስፈልግ፣ 1280 ፒክስል ከ11 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ሥዕል ብቻ ይሆናል። በኤ4 ሽፋን ላይ ሲለጠጥ ይደበዝዛል። ሁልጊዜ እንደ ፋይል ላኩ። ለትልቅ ባነር 300 አያስፈልግም፤ ከሩቅ የሚታይ ስለሆነ በትክክለኛ መጠኑ በ100 አካባቢ ይበቃዋል።

ቁርጥ ላይ ደግሞ፦ ቀለም እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የሚሄድ ከሆነ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ብሊድ፣ ማለትም ከቁርጡ ውጭ የሚተርፍ ቀለም፣ ጨምሩ። ኤ5 148 በ210 ነው፤ ከነብሊዱ 154 በ216 ይሆናል። ስም፣ ስልክና የገጽ ቁጥር ከቁርጡ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይግቡ። በስቴፕል የሚጠረዝ መጽሔት የገጹ ብዛት ለ4 የሚካፈል ይሁን።

ከፋይሉ ጋር የምትልኩት መልእክት ሙሉ ይሁን፦ መጠኑ፣ የወረቀቱ ዓይነትና ግራም፣ ብዛቱ፣ አንድ ፊት ነው ሁለት ፊት፣ አጠራረዙ። «ፋይናል» የሚል ስም በፋይል ላይ አትጻፉ፤ ቀን ጻፉበት፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑንም ጨምሩ፤ በሁለት አቆጣጠር የምንኖር ሰዎች ነንና።

ፕሌት ከመውጣቱ በፊት የወረቀት ፕሩፍ፣ ማለትም የሙከራ ሕትመት፣ ጠይቁ። ስልክ ላይ የተላከ ምስል ለፊደል እርማት ይጠቅማል፣ ለቀለም ግን ምስክር አይሆንም። ፕሩፉን በሱቁ መብራት ሳይሆን መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን እዩት። ስሞቹን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ‹ሠ›ና ‹ሰ›፣ ‹ፀ›ና ‹ጸ› በጆሮ ስለማይለዩ ለእነሱ ሌላ ሰው በዓይኑ ከዋናው ጽሑፍ ጋር ያመሳክር። ከዚያ «ይታተም» ብላችሁ፣ ቀን ጽፋችሁ፣ ፈርሙ፤ አንዱን ቅጂ እናንተ ዘንድ አስቀሩ። የሚታተመው መጽሐፍ ከሆነ የጀርባውን ውፍረት ከማተሚያ ቤቱ ሳትጠይቁ ሽፋን አትሥሩ፤ እሱ በወረቀቱ ዓይነት ስለሚለያይ ለብቻው እጽፍበታለሁ።