የሴት ልጅ አካል በተፈጥሮ ይለያያል፤ ልዩነቱን ማወቅ ከስሕተት ፍርድ ይጠብቃል



በአዘዞና በዙሪያዋ ባሉ አጥቢያዎች ስናገለግል በአደባባይ ለመናገር የሚከብዱ፣ ነገር ግን በየቤቱ ያሉ ሦስት ጥያቄዎች ያጋጥሙናል። የወር አበባዋ ሳይታይ ሆዷ የሚያብጥ ልጅ ምን ሆና ነው? በሠርጓ ሌሊት ደም ያልታየባት ሙሽራ በድላለችን? ልጅ ያልወለደች ሚስት ተቀጥታ ነውን? ጉዳዩ መጀመሪያ የሚደርሰው ከሐኪም ዘንድ ሳይሆን ከሽማግሌና ከንስሐ አባት ዘንድ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም የሴት ልጅ አካል ከፅንስ ጀምሮ እንዴት እንደሚለያይ በአጭሩ እናስረዳለን።

ሕፃኗ ገና በእናቷ ማኅፀን ሳለች የራሷ ማኅፀን የሚሠራው ከሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ነው። እነዚህ ቱቦዎች በፅንሱ የመጀመሪያ ሦስት ወራት ገደማ እርስ በርስ ይጋጠማሉ፤ በመካከላቸው ያለው ግድግዳም በኋላ ይጠፋል። መጋጠሙ ሳይፈጸም ሲቀር ማኅፀኑ ሁለት ቀንድ ያለው ይሆናል፤ ግድግዳው ሳይጠፋ ሲቀር ደግሞ ውስጡ ለሁለት የተከፈለ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለው ልዩነት ከ100 ሴቶች መካከል በ5 ወይም በ6 ያህሉ ላይ ይገኛል። ብዙዎቹ ምንም ሳያውቁት ወልደው ያሳድጋሉ። በአንዳንዶቹ ግን ፅንሱ ደጋግሞ ይጨነግፋል፣ ያለ ጊዜው ይወለዳል፣ ወይም በእግሩ በኩል ይመጣል። ስለዚህ ፅንስ ደጋግሞ የሚጨነግፍባት እናት ስትገጥመን «እርግማን ነው» ከማለት ይልቅ በአልትራሳውንድ እንድትታይ መምከር ይገባል።

ሁለተኛው ልዩነት ፈጥኖ ካልታወቀ ልጅን ለሐሜት የሚዳርግ ነው። በብልት መግቢያ ላይ ያለው ስስ ሽፋን በተፈጥሮው ክፍተት አለው፤ የወር አበባም በዚያ ይወርዳል። ጥቂት ሴቶች ግን ክፍተት ሳይኖረው ይወለዳሉ። ልጅቱ ለአካለ መጠን ስትደርስ ደሙ መውጫ አጥቶ በውስጧ ይጠራቀማል። ጡቷ አድጓል፣ የወር አበባዋ ግን አልታየም፤ በየወሩ እንብርቷ ሥር ያማታል፤ አንዳንዴ ሽንት ይከለክላታል፤ ሆዷም ወደ ፊት ይገፋል። ይህን ያየ ጎረቤት «አርግዛለች» ይላል። ቤተሰብም ልጅቱን ይደበድብ ወይም ከቤት ያባርር ይሆናል። እርሷ ግን የሚያስፈልጋት ሐኪም ሽፋኑን ከፍቶ ደሙን የሚያወጣበት ቀላል ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። ጡቷ አድጎ እስከ 15 ዓመቷ የወር አበባ ያላየች ልጅ ሁሉ ሕመም ባይኖራትም መመርመር አለባት።

ሦስተኛው፣ ከ4,500 እስከ 5,000 በሚሆኑ ሴቶች መካከል በአንዲቱ የሚደርስ ነው። ልጅቱ በመልክም በአካልም እንደ እኅቶቿ ታድጋለች፤ የእንቁላል ማመንጫዎቿም ይሠራሉ፤ ማኅፀን ግን ሳይኖራት ወይም ሳያድግላት ትወለዳለች። ልታገባ ትችላለች፤ ፅንስ መሸከም ግን አትችልም። እንዲህ ባሉት ላይ ኩላሊትም አንዳንዴ አንድ ብቻ ሆኖ ስለሚገኝ ምርመራው ያንንም ማየት አለበት። ከዚህ በደል ውስጥ እርሷም ወላጆቿም የሉበትም። ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ የሰጠውን መልስ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እናነባለን። ለዚህችም ልጅ መልሱ ያው ነው።

ወደ ሙሽራዋ እንመለስ። ያ ስስ ሽፋን በሁሉም ሴት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ እንደ ቀለበት ነው፤ አንዳንዱ እንደ ጨረቃ ግማሽ ነው፤ አንዳንዱ ሰፊ ክፍተት ያለውና የሚለጠጥ ስለሆነ በመጀመሪያው ሌሊት ደም ላያሳይ ይችላል። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር በ2018 (እ.ኤ.አ.) የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለውና ሊቆም እንደሚገባ አስታውቋል። እንግዲህ «ብር አምባር» ተብሎ የሚጠበቀው ደም አለመታየቱ በማንም ላይ ምስክር ሊሆን አይችልም። ንጽሕናን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው፤ አንሶላ አይደለም። በዚህ ሰበብ የሚፈርስ ትዳር ሲመጣብን አስታራቂዎች ይህን መናገር አለብን።

የውጭው የብልት ክፍልም እንዲሁ ይለያያል። ከንፈሮቹ በመጠን፣ በቀለምና በቅርጽ ከሴት ሴት ይለያሉ፤ ግራና ቀኙም እኩል ላይሆን ይችላል። በአገራችን ግን «ካልተቆረጠ እያደገ ይሄዳል፣ ወንድ ይከለክላል፣ ልጅቱም ዕቃ ሰባሪ ትሆናለች» የሚል እምነት ለሴት ልጅ ግርዛት ምክንያት ሆኖ ኖሯል። እውነቱ ሌላ ነው፤ ክፍሉ በጉርምስና ጥቂት ያድጋል፣ ከዚያም እድገቱ ይቆማል። መንገድ የሚዘጋው ግርዛቱ የሚተወው ጠባሳ ነው፤ በወሊድ ጊዜ እናትን የሚያስጨንቀውም እርሱ ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች 65 ከመቶ ያህሉ ተገርዘዋል።

ይህን ልማድ በሃይማኖት ስም መሸፈን አይቻልም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 17 ለአብርሃም የተሰጠው የግዝረት ምልክት ለወንዶች ነው። ዐፄ ገላውዴዎስም በ1555 (እ.ኤ.አ.) በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ግዝረትን የአገር ልማድ እንጂ የሃይማኖት ሕግ አድርገው እንዳልያዙት አስረድተዋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 565 የሴት ልጅ ግርዛትን በእስራት ወይም በገንዘብ መቀጮ ይቀጣል።

እንግዲህ እያንዳንዱ አጥቢያ ሊያደርግ የሚችለው ይህ ነው። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ካህኑ ወላጆቿን «አታስቆርጧት» ብሎ ይምከር። በሰንበት ትምህርት ቤት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተጋብዛ እናቶችንና ልጃገረዶችን ለብቻቸው ታስተምር። ንስሐ አባት የልጅቱን ምሥጢር ጠብቆ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካት፤ ከዚያም በላይ የሚያስፈልግ ሲሆን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቅርብ ነው። ጸበል የምትጠመቀውም ሕክምናዋን አታቋርጥ። ሰበካ ጉባኤውም ለድኻይቱ ልጅ የመጓጓዣና የምርመራ ወጪ ከምጽዋት ገንዘብ ጥቂት ቢመድብ ትልቅ ሥራ ይሠራል።

ለመፍረድ ከመቸኮላችን በፊት መጠየቅን፣ ከመጠየቅም ጋር ምሥጢር መጠበቅን ልማዳችን እናድርግ። የአገልግሎታችንን ፍሬ እግዚአብሔር ይባርክልን።